ከቀዩ ምንጣፍ ስር

ባዳቾ ጩማ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ክፉ ሰው የታዘዘውን ሠርቶ፣ እጁን ታጥቦ ቤቱ ይገባል። ደጉ ነው ሳይጠሩት ቀድሞ እየደረሰ ጉድ የሚያፈላው። የባዳቾ ደግነት ደግሞ ልክ የለውም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል የመጀመሪያውን ካስማ የሚመታው እሱ ነው። መርዶ ሊነገር ሲሆን «ቀስ ብላችሁ፣ መጀመሪያ ቁርሷን ትብላ» የሚለውም እሱ ነው።

ሶዶ ውስጥ ከመናኸሪያው ጀርባ የእንጨትና የሶፋ ሥራ ቤት አለው። በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ፣ አንድ አርብ ረፋድ፣ ጋሪ በሩ ላይ ቆመ። የተጫነውን ሲያይ መዶሻው ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። የጌታነህ ሳጥን ነበር። ቁመቱ እስከ ወገብ የሚደርስ፣ ፊትና ጀርባው ክፍት የሆነ፣ አምፕሊፋየሩና ሚክሰሩ፣ የካሴት ማጫወቻውም ተደራርበው የሚታሰሩበት የእንጨት ሳጥን ነው። ከላይ እስከ ታች ምንጣፍ ለብሷል። ምንጣፉ ድሮ ቀይ ሆኖ አረንጓዴ አበባ ነበረበት። አሁን ቀዩ ቡና መስሏል፣ አበባውንም የሚያውቀው ብቻ ነው አበባ የሚለው። ማዕዘኖቹን አይጥ በልቷቸዋል። ከአራቱ ጎማዎቹ ሁለቱ የሉም።

ጌታነህን ሶዶ ውስጥ የማያውቅ ካለ ወይ ትናንት የመጣ ነው ወይ ጆሮ የለውም። ከሰማንያዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ስንቱን የዳረ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ በመጣ ቁጥር ሰፈሩን ያስጨፈረ፣ የድምፅ ማጉያ አከራይ ነበር። አንድ ጊዜ ቀበሌው ለስብሰባ ጠርቶት፣ ሊቀመንበሩ ስለ ማዳበሪያ ሲያብራራ ካሴቱ ድንገት ተነሳና የሙሽራ ዘፈን ለቀቀው። ገበሬው በሙሉ ተነስቶ እስክስታ! ጌታነህ ሳቁን ውጦ «ሚክሰሩ ነው ጌታዬ፣ ሚክሰሩ ነው» እያለ ማለ ተገዘተ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር። አምና የካቲት መግቢያ ላይ ለሠርግ ሃላሌ ሄዶ፣ ገመዱን ዘርግቶ ሳይጨርስ ልቡ ቆመች። ሙሽሮቹ ሳይጨፍሩ፣ እሱም ደህና ሁኑ ሳይል ሄደ።

ከጋሪው ጎን አሳየሽ ቆማለች፣ የጌታነህ ሚስት። ጥቁር ለብሳለች፣ ዓመት ሊሞላት ነው። አጥንቷ ብቻ ቀርቷል።

«ኢሻ ባዳቾ፣» አለችው። ኢሻ በወላይታቶ ወንድም ማለት ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ነው የምትጠራው። «ሙት ዓመቱ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ይህን ለቤተ ክርስቲያን ልሰጠው ነው። የስብከቱን ማጉያ መሬት ላይ ነው የሚያስቀምጡት፣ አፈር በላው። አድስልኝ። ምንጣፉን አንሳና ሌላ አልብስልኝ።»

«ምን ችግር አለ! አዲስ አድርጌ ነው የማስረክብሽ።»

«ግን ሰኞ ነው የምትጀምረው። ሰኞ እመጣለሁ። እኔ ሳልመጣ ምንጣፉን እንዳትነካው።»

«እሺ።»

«እንዳትነካው፣ ኢሻ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ!»

ለምን እንዳለችው አልነገረችውም፣ አፈረች። እሱም አልጠየቀም። ባዳቾ ምክንያቱን የሰማው ነገሩ ካለቀለት በኋላ ነው። እኛ ግን አሁኑኑ እንወቀው።

ያ ቀይ ምንጣፍ የአሳየሽ ነበር። አሳየሽ የሁምቦ ልጅ ናት፣ ተበላ ከተማ ነው ያደገችው። ስትዳር እናቷ ጊደር ሸጠው ያንን ምንጣፍ ገዝተው ሰጧት። በዚያ ሰፈር ምንጣፍ ያነጠፈች ሙሽራ እሷ ብቻ ነበረች። ሰው ሲመጣ ጫማ አስወልቃ ነው የምታስገባው፣ ቄስም ቢሆን። በሰማንያ ዘጠኝ ለእህቷ ልጅ ክርስትና ተበላ ሄዳ ሁለት ቀን አድራ ስትመለስ ሳሎኑ ባዶ ነው። ጌታነህ ምንጣፉን ቆራርጦ ሳጥኑን አልብሶታል። የአዲስ አበባ ባንዶች ዕቃ እንዲህ ለብሶ አይቶ ነዋ! የሁምቦ መንገድ ዕቃውን አንገጫገጨብኝ፣ ተፋቀብኝ፣ ይላል። ደግሞ ማማሩን እንድታደንቅለት አጠገቡ ቆሞ ይጠብቃታል። የወንድ ነገር!

«የእናቴን ምንጣፍ፣ ጌታነህ?» አለች። ከዚያ ሁለት ሳምንት አላናገረችውም። ሽማግሌ ገባ። ሽማግሌዎቹ «ይቅርታ በላትና ይለቅ» ሲሉት ጌታነህ መሬት መሬት አየ። ያ አፈ ጮሌ፣ ያ ሺህ ሰው ፊት ማይክ ይዞ የሚቀልድ ሰውዬ፣ ያቺን አንዲት ቃል ከአፉ ማውጣት አቃተው። በኋላ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ እንዲህ አላት፦ «ጽፌልሻለሁ። ስሠራው ነው የጻፍኩት፣ ከላይኛው ጣውላ ላይ፣ ከምንጣፉ ስር። ምንጣፉ ያረጀ ቀን ታነቢዋለሽ።»

«ውሸታም!»

«እውነቴን ነው። እስከዚያ ግን እንዳትገልጪው፣ አፍራለሁ።»

አሥራ አራት ዓመት በዚች ነገር ሲነታረኩ ኖሩ። በተጣሉ ቁጥር «ኧረ ተወኝ፣ ይቅርታህም ምንጣፍ ስር ነው ያለው» ትለዋለች። እሱም ይስቃል፣ እሷም ሳትወድ ትስቃለች። ጽፎ ይሁን ሲያሾፍባት ይሁን አታውቅም። አልገለጠችውም። ያ ሃላሌ የሄደበት ጠዋት ግን ሳይሳሳቁ ነው የተለያዩት። እናቷ ታመው ተበላ ሊወስዳት ቃል ገብቶ ነበር፣ ሠርግ ሲመጣበት ቃሉን በላ። ሲወጣ «ደህና ዋዪ» አላት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ማታ ሬሳው መጣ።

እንግዲህ አሳየሽ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚያ ሳጥን ጋር አንድ ቤት ውስጥ ተፋጣ ኖረች። በዚህ ምድር ላይ ጌታነህ ሊላት የቀረው ነገር ካለ እዚያ ስር ነው ያለው። መግለጥ እየፈለገች ትፈራለች። ባዶ ቢሆንስ? በመጨረሻ ብቻዋን እንደማትችለው ስታውቅ ጓደኛው ባለበት፣ ሰው ባለበት ይሁን ብላ ባዳቾ ጋ አመጣችው። ነገሩ ይኸው ነው።

ወደ ባዳቾ እንመለስ። አርብ ማታ እንቅልፍ እምቢ አለው። «እኔ ሳልመጣ እንዳትነካው» ያለችውን አሰበና በራሱ መንገድ ተረጎመው። ምስኪን፣ አለ። ልትሰናበተው ነው። መጥታ ቁጭ ብላ፣ እኔ ምስማር ስነቅል፣ ምንጣፉን ስቦጫጭቅ ልታይ ነው። የባሏ እጅ የሠራው ነገር ዓይኗ እያየ ሲገነጣጠል! እንደገና ልትቀብረው እኮ ነው! የሟች ልብስ ሲታጠፍ ሚስቱን ወደ ጓዳ ነው የምንወስዳት። አልጋው ሲፈታ ጎረቤት ነው የሚይዛት። በእኛ አገር ሐዘንተኛ ፊት የሟች ዕቃ አይፈታም። ታዲያ እኔ ጓደኛው ሆኜ እንዲህ አደርጋታለሁ? አስቀያሚውን ቅዳሜ ልጨርሰው። ሰኞ ስትመጣ ንጹህ ጣውላ ትየው፣ አዲሱን ምንጣፍ አብረን እናልብሰው። ትቆጣ ይሆናል። ትቆጣ!

ቅዳሜ ጠዋት የዳሞታ ተራራ ጭጋግ ሳይገለጥ ሥራ ጀመረ። ምስማሩን በጉጠት እየነቀለ ከሳጥኑ ጋር ያወራ ነበር። «አንተ ጌታነህ፣ ይሄንን ሁሉ ምስማር ምን ያድርግልኝ ብለህ ነው? ቤት ልትሠራ ነበር?» ጌታነህ ሳጥኑን የሠራው ከእሱ በተዋሰው መጋዝ ነው። ያኔም ባዳቾ «ልክህ የሰከረ ሰው ልክ ነው» እያለ ሲያበሽቀው ነበር። ምንጣፉ ሲላቀቅ የአቧራ፣ የቢራና የቤንዚን ሽታ ወጣ። የመቶ ሠርግ ሽታ። ባዳቾ ቆሞ ትንሽ አለቀሰ፣ አፍንጫውን በክንዱ ጠረገና ቀጠለ።

የላይኛው ጣውላ ላይ ኮላ የተቀባው ዳር ዳሩን ብቻ ነው። መሃሉ ንጹህ ነው። መሃሉ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለ።

ባዳቾ አየው። አላየሁም አይልም። ለመላጊያ ሥራ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው መነጽሩን አውልቆ ሚስማር ላይ ሰቅሎታል። ያለ መነጽር ያየው ግራጫ ጭረት ነው። ሃያ አምስት ዓመት እንጨት የሠራ ሰው ደግሞ ጣውላ ላይ እርሳስ ሲያይ ምን ያስባል? ልኬት! ስልሳ በሃምሳ፣ እዚህ ቁረጥ፣ እዚያ ብሳ። ማንም አናጢ ይጽፈዋል፣ ማንም አናጢ ይልገዋል። «ያው ልኬትህ!» ብሎ ሳቀና መላጊያውን ጫነበት። አንዴ ሄደ፣ ሁለቴ ተመለሰ። ጣውላው እንደ ተላጠ እንቁላል ነጣ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ የበሰበሰውን ማዕዘን ቀየረ፣ አራት አዲስ ጎማ ገጠመ። ፍቅፋቂውን ጠርጎ በጆንያ ሞላውና በአጥሩ በኩል ለማርያማዊት አቀበላት። ማርያማዊት ጎረቤት ናት፣ መናኸሪያው በር ላይ ፓስቲ ትጠብሳለች፣ ፍቅፋቂውን ለምድጃዋ ነው የምትፈልገው። «ዕድሜ ይስጥህ» አለችው። ቅዳሜ ማታ ባዳቾ ደስ ብሎት ነው ቤቱ የገባው።

ሰኞ ጠዋት አሳየሽ መጣች። ነጠላዋ ታጥቧል፣ ጸጉሯን ተሠርታለች። ሐዘን ከተቀመጠች ወዲህ ጸጉሯን ስትሠራ የመጀመሪያዋ ነው። «ደህና አደርክ ኢሻ? እንግዲህ ቁረጥ፣ እኔም ቆርጬያለሁ፣» እያለች ገባችና ሳጥኑን አየችው።

ራቁቱን ነው። ነጭ ነው። ያብለጨልጫል።

«ምንጣፉስ?» አለች።

«አነሳሁት!» አለ ባዳቾ፣ ፊቱ በርቶ። «እንዳታዪው ብዬ። ሲቦጫጨቅ እንዳታዪ። አስቀያሚውን ጨረስኩልሽ፣ አሳየሽ። አሁን ቁጭ በይና...»

«ጣውላው ላይ ምን ነበር?»

«ምን?»

«የላይኛው ላይ። ተጽፎ ነበር?»  እዚያው በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ነገረችው። ሽማግሌዎቹን፣ «ጽፌልሻለሁ» ያለውን፣ አሥራ አራቱን ዓመት፣ ያን ጠዋት ፊቷን ወደ ግድግዳ ማዞሯን። «ደህና ዋዪ አለኝ፣ አልመለስኩለትም፣ ኢሻ። ጽፎልኝ ከሆነ እንኳ...» ብላ አቋረጠች።

 ባዳቾን አሁን ነው እርሳሱ ትዝ ያለው። ልኬት አልነበረም! ልኬት በአራት መስመር አይጻፍም፣ አንዱ ካንዱ ስር፣ ዘመም ብሎ። ከታች ደግሞ ጌታነህ ካሴቶቹ ላይ የሚፈርማት ያቺ ቁልፍልፍ ፊርማ ነበረች። ወይኔ! ወይኔ ባዳቾ! ዓይንህ ይጥፋ!

እዚህ ላይ እውነቱን ቢናገር ኖሮ! «ነበር፣ ሳላነብ ላግሁት» ቢል ኖሮ! ትመታው ይሆናል፣ ትረግመው ይሆናል፣ ግን ታምነው ነበር። ባዳቾ ግን ያንን የተሠራ ጸጉር አየ። ሆዱ አልቻለም።

«ተጽፎ ነበር፣» አለ። «አንብቤዋለሁ።»

አሳየሽ ደረቷን ያዘች። «ምን ይላል?»

«አሳየሽ፣ ይቅር በዪኝ፣ ይላል። አጥፍቻለሁ፣ እወድሻለሁ፣ ይላል።»

 ፊቷ ላይ የበራው ነገር ሲጠፋ ባዳቾ ዓይኑ እያየ ነው።

«አሳየሽ ብሎ?»

«አዎ። አሳየሽ ብሎ።»

«አንብበኸው፣ ከዚያ ላግኸው?»

«እሱማ... ኮላው አበላሽቶት... ሳላስበው...»

«ኢሻ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ጌታነህ በዘመኑ አሳየሽ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።»

ባዳቾ ይህን ከየት ይወቀው? የዚያ አገር ባል ሰው ፊት የሚስቱን ስም አይጠራም። ጌታነህም ባዳቾ ፊት ሃያ ዓመት ሙሉ «እሷ» ነው የሚላት፣ «እሷ ትቆጣለች»፣ «እሷ እራት አቅርባለች»። ቤት ሲገቡ ግን ሌላ ነው።

«ሁምቦዬ ነበር የሚለኝ፣» አለች። «ከሙሽርነቴ ጀምሮ። ሲቆጣም ሁምቦዬ፣ ሲታመምም ሁምቦዬ። ያን ቀን ጠዋትም ደህና ዋዪ ሁምቦዬ ነው ያለው።»

ባዳቾ መሬት ላይ ዝርግፍ አለ። «ዋሸሁሽ። እግዜር ይይልኝ፣ አላነበብኩትም። ግን ተጽፎ ነበር! በዓይኔ አይቻለሁ! አራት መስመር ነው፣ ፊርማም ነበረው። ልኬት መስሎኝ ነው የላግሁት። በልጆቼ እምላለሁ፣ ጽፎልሽ ነበር!»

አሳየሽ ጎንበስ ብላ ትከሻውን ያዘችው። ይህ ነው ባዳቾን እስከ ዛሬ የሚያቃጥለው። አልጮኸችበትም። አባበለችው።

«አንተ ደግ ሰው ነህ፣» አለችው። «አይዞህ። ለእኔ ብለህ አትማል።»

«አሳየሽ ሙቺ! ጌታነህ ይሙት!»

«ሞቷል እኮ፣» አለች።

ባዳቾ ተነስቶ ሮጠ። አጥሩን ዘሎ ማርያማዊት ግቢ ገባ። ማርያማዊት ምድጃዋ ስር ጭራሮ እያስገባች ነበር። «ጆንያው! ፍቅፋቂው የታለ?» ብሎ ጮኸባት። ሴትየዋ ደነገጠች። «ምን ሆንክ አንተ ሰውዬ? ትናንትና ዛሬ ነደደ! እዚያ ጆንያው ስር ትንሽ ቢኖር ነው።» ጆንያውን ደፋው። ሁለት እፍኝ ቢሆን ነው። መነጽሩን አድርጎ፣ አመድ ላይ ተንበርክኮ፣ የተጠቀለለውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘረጋ። አንዱ ይሰበራል፣ አንዱ ባዶ ነው፣ ሌላው ኮላ ነው። ማርያማዊት ነገሩ ሳይገባት አጠገቡ ቁጭ ብላ መዘርጋት ጀመረች። መጨረሻ ላይ አንዲት የጣት ያህል ቁራጭ ተገኘች፣ ጫፏ ላይ ግራጫ ነገር አለባት።

መዳፉ ላይ አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ አመጣላት። አሳየሽ ወደ በሩ ብርሃን አቅርባ አየችው። ገለበጠችው። እንደገና አየችው። የእርሳስ ጭረት ነው፣ አጭር፣ ቀጥ ያለ። የፊደል እግር ሊሆን ይችላል።

«ይሄ መስመር ነው፣ ኢሻ፣» አለች።

ሌላ ምን ትበል? የመጀመሪያውን ቃል ለርኅራኄ ብሎ የዋሸ ሰው ሁለተኛውን ለምን በእውነት ይናገራል? ባዳቾ በእሷ ቦታ ቢሆን እሱም አያምንም። ቁራጯን መዳፉ ላይ መለሰችለት። ከጥግ የተጣለውን ቀይ ምንጣፍ አየችና ደህና የቀረች አንዲት አበባ ቆርጦ እንዲሰጣት ለመነችው። ቆረጠላት። በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። «በል አልብሰው እንግዲህ፣ ቀኑ ደርሷል፣» ብላ ሄደች።

ባዳቾ ሳጥኑን ግራጫ ምንጣፍ አለበሰው። በሕይወቱ እንዲህ ያማረ ሥራ ሠርቶ አያውቅም፣ ማዕዘኑ ሁሉ ቢላ ይመስላል። ሊያለብሰው ሲል አንድ ሐሳብ መጣበት። እርሳሱን አንስቶ ያንን ነጭ ጣውላ ላይ «ሁምቦዬ» ብሎ ሊጽፍ እጁ ተዘርግቶ ነበር። መልሶ አስቀመጠው። ሦስተኛ ጊዜ ደግ መሆን ፈራ።

የሙት ዓመቱ ዕለት ከጸሎቱ በኋላ ሰው ሁሉ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ሲበላ ሳጥኑ ከፊት ቆሟል፣ ማጉያው ላዩ ላይ። ካህኑ መርቀው ተቀበሉት። ሴቶቹ «እንዴት አምሯል!» አሉ። አሳየሽ ጥቁሯን አውልቃ ነጭ ለብሳለች። የጌታነህን ቀልዶች እያነሱ ሲሳሳቁ፣ የማዳበሪያው ስብሰባ ሲወራ፣ እሷም ተራዋን አነሳች።

«የእኔንማ አልሰማችሁም፣» አለች ፈገግ ብላ። «አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከምንጣፉ ስር ይቅርታ ጽፌልሻለሁ እያለ ሲያሞኘኝ ኖረ። ባዳቾን ጠይቁት፣ ገልጠን አየነው፣ ምንም የለም። ያ ቀልደኛ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች፣ ዓይኗ ግን አልሳቀም። ወደ ባዳቾ ዞር ብላ ራሷን ነቀነቀችለት፣ እንደ ማጽናናት። ባዳቾ የጠቀለለውን እንጀራ ትሪው ላይ መለሰ። ተነስቶ «ነበር! አራት መስመር ነበር!» ብሎ መጮህ ፈለገ። ማን ያምነዋል? ደጉ ባዳቾ፣ ይሉታል፣ ለምስኪኗ ብሎ ነው።

ያቺ ቁራጭ እስከ ዛሬ በመነጽሩ ማኅደር ውስጥ አለች። ጌታነህ ለሚስቱ መጻፉን በዚህ ምድር ላይ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም አላነበበውም።